እንስሳት በመንጋ የሚንቀሳቀሱበትን ምክንያት እንዴት እንመርምር?

በሺዎች የሚቆጠሩ ዓሦች በአንድ ቅጽበት ሲታጠፉ፣ ወይም የወፍ መንጋ ሰማይ ላይ እየተዘረጋና እየተኮማተረ ሲበር ያየ ሰው «ለምን እንዲህ ያደርጋሉ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ከመነሻው የተጣመመ ነው፤ መላሹ «መንጋው ምን ይጠቀማል?» ብሎ ይጀምራልና። ተፈጥሯዊ ምርጫ ግን በዋናነት የሚሠራው በነጠላ እንስሳት መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው፤ አንዱ ብዙ ዘር ተክቶ ያልፋል፣ ሌላው ሳይተካ ይሞታል። በመንጋ የመንቀሳቀስ ጠባይ በአንድ ዝርያ ውስጥ ከተስፋፋ፣ አብሮ የሄደው እንስሳ ከተነጠለው ይልቅ ዘሩን በመተካቱ መሆን አለበት። ስለዚህ መርማሪው ከዓይኑ ሊያርቀው የማይገባው ጥያቄ «የተነጠለው ምን ያጣል? ምንስ ያተርፋል?» የሚለው ነው።

ይህ መመሪያ ያንን ጥያቄ ይዞ እንዴት መሄድ እንደሚቻል ያሳያል። ለአብዛኛው ሥራ ማስታወሻ ደብተር፣ ሰዓት፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክና ትዕግሥት ይበቃሉ። በራስ ምልከታ ሊደረስባቸው የማይችሉትን ነገሮች ደግሞ ከታተሙ ጥናቶች እየጠቀስሁ አሳያለሁ፤ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

መሰብሰብንና አብሮ መሄድን መለየት

በአንድ ቦታ የተገኙ እንስሳት ሁሉ አብረው የሚንቀሳቀሱ አይደሉም። ሌሊት በመብራት ዙሪያ የሚርመሰመሱ የእሳት ራቶች የተገናኙት በመብራቱ ምክንያት እንጂ እርስ በርስ ተፈላልገው አይደለም፤ መብራቱ ሲጠፋ እያንዳንዱ በየፊናው ይሄዳል። በደረቅ ወቅት አንድ የውኃ ኩሬ ዳር የሚገናኙ ልዩ ልዩ እንስሳትም እንዲሁ ናቸው። የመጀመሪያው ሥራ ስለዚህ የምንመለከታቸው እንስሳት እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉ መሆናቸውን ማረጋገጥ ነው። ይህን ለማወቅ የሰበሰባቸው የመሰለው ነገር ሲያልቅ ወይም ሲወገድ ምን እንደሚያደርጉ መመልከት ይጠቅማል፤ ምግቡ አልቆ፣ ውኃው ተጠጥቶ እንኳን ተያይዘው ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄዱ፣ የሚያያይዛቸው ነገር በመካከላቸው አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ አቅጣጫን መለካት ይገባል። ከቪዲዮው አንድ ምስል አስቁሞ በእያንዳንዱ እንስሳ ላይ ጭንቅላቱ ወደሚያመለክትበት አቅጣጫ ርዝመታቸው እኩል አንድ የሆነ ቀስቶችን መሣል፣ ከዚያም ቀስቶቹን እንደ ቬክተር ደምሮ (የአንዱን መነሻ በሌላው ጫፍ ላይ እየቀጠሉ፣ ከመጀመሪያው መነሻ እስከ መጨረሻው ጫፍ ያለውን ቀጥተኛ ርቀት ወስዶ) ለእንስሳቱ ቁጥር ማካፈል ነው። የውጤቱ ርዝመት ወደ 1 ከቀረበ ሁሉም አንድ አቅጣጫ ይዘዋል፤ ወደ 0 ከቀረበ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው። በዚህ ልኬት ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በሚፈስ ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ ብቻውን ቢሆንም እንኳ ፊቱን ወደ ወራጁ ማዞር ይወዳል፤ ነፋስም በወፎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። ስለዚህ ብቸኛ የሆነ እንስሳ በዚያው ቦታና በዚያው ሰዓት ወዴት እንደሚዞር ሳይመዘግቡ ከፍተኛ ቁጥር ስላገኙ ብቻ «በመንጋ ይንቀሳቀሳሉ» ማለት አይቻልም።

«እንዴት» እና «ለምን» እንዳይቀላቀሉ

የእንስሳት ጠባይ አጥኚው ኒኮ ቲንበርገን በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ አንድ ጠባይ አራት የተለያዩ ጥያቄዎች ሊጠየቁ እንደሚችሉ አሳይቷል፦ ጠባዩ በምን አሠራር ይከናወናል፣ በእንስሳው ዕድሜ ውስጥ እንዴት ያድጋል፣ ለመኖርና ለመራባት ምን ይጠቅማል፣ በዝርያው የዘር ታሪክ ውስጥስ ከምን መጣ። ስለ መንጋ በሚጻፉ ነገሮች ላይ የመጀመሪያውና ሦስተኛው ያለማቋረጥ ይደባለቃሉ።

የኮምፒውተር ባለሙያው ክሬግ ሬይኖልድስ በ1987 ሦስት ቀላል ሕጎችን ብቻ ለኮምፒውተር ሰጥቶ እውነተኛ የሚመስል የወፍ መንጋ እንዲበር አደረገ። ሕጎቹም ከጎረቤት ጋር አትጋጭ፣ የጎረቤቶችህን አቅጣጫ ያዝ፣ ወደ ጎረቤቶችህ መካከል ተጠጋ የሚሉ ነበሩ። በ2008 የታተመ በሮም ከተማ ላይ የሚበሩ ስታርሊንግ የተባሉ ወፎች ጥናት ደግሞ እያንዳንዱ ወፍ የሚከታተለው በተወሰነ ርቀት ውስጥ ያለውን ሁሉ ሳይሆን የቅርብ ጎረቤቶቹን ስድስት ወይም ሰባት ያህል ብቻ መሆኑን አገኘ፤ መንጋው ቢሳሳም ቢጠጋጋም ይህ ቁጥር ብዙ አይለወጥም። እነዚህ ሁለቱ ግኝቶች መሪ ሳይኖር፣ መላውን መንጋ የሚያይ ማንም ሳይኖር፣ ሥርዓት እንዴት እንደሚፈጠር ያስረዳሉ። ወፉ ያን ሕግ መከተሉ ከሌላው የበለጠ እንዲኖር ለምን እንደረዳው ግን አንድም ቃል አይናገሩም። አንድ ጽሑፍ ሦስቱን ሕጎች ዘርዝሮ «ስለዚህ እንስሳት በመንጋ ይንቀሳቀሳሉ» ብሎ ከደመደመ፣ ያልተጠየቀውን ነው የመለሰው። በማስታወሻ ደብተርዎ ሁለቱን ጥያቄዎች በተለያየ ገጽ ላይ መያዝ የማይረባ ጥንቃቄ ቢመስልም ከብዙ ስሕተት ያድናል።

«ለመንጋው ሲል» የሚለውን ሐሳብ መተው

በተፈጥሮ ላይ የሚሠሩ ፊልሞች ተራኪዎች በጣም የሚወዱት አገላለጽ አለ፦ እንስሳው ይህን ያደረገው ለመንጋው ደኅንነት፣ ለዝርያው ህልውና ነው ይላሉ። በ1962 ቪ. ሲ. ዊን ኤድዋርድስ የተባለው የእንስሳት ሊቅ ይህንኑ ሐሳብ በሰፊው አቅርቦት ነበር፤ በእርሱ አስተያየት እንስሳት በብዛት የሚሰበሰቡት ቁጥራቸውን ገምተው መራባታቸውን ለመመጠን፣ በዚህም ምግባቸው እንዳይሟጠጥ ለመጠበቅ ነው። የሐሳቡ ድክመት ቶሎ ታየ። በእንዲህ ያለ መንጋ መካከል ሌሎቹ ሲቆጠቡ ያለ ገደብ የሚራባ አንድ እንስሳ ቢነሣ፣ በሚቀጥሉት ትውልዶች ውስጥ የሚበዙት የእርሱ ልጆች ናቸው፤ ቁጠባውም ይጠፋል።

ከዚህ በተቃራኒ ያለውን አመለካከት ጥርት አድርጎ ያሳየው የሥነ ሕይወት ሊቁ ዊሊያም ሃሚልተን በ1971 ያወጣው ጽሑፍ ነው። ሃሚልተን ክብ ኩሬ ዳር የተቀመጡ እንቁራሪቶችን እንድናስብ ይጋብዘናል። ከኩሬው ውስጥ እባብ ይወጣና በአቅራቢያው ያለችውን እንቁራሪት ይበላል። እያንዳንዷ እንቁራሪት ያለባት አደጋ የሚወሰነው ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቿ ጋር ባላት ክፍተት ነው፤ ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ እባቡ በዚያ አካባቢ ሲወጣ ቅርብ ሆና የምትገኘው እርሷ ናት። ስለዚህ በሁለት ተቀራራቢ እንቁራሪቶች መካከል ዘልላ ብትገባ ክፍተቱ ይጠብላታል፤ አደጋዋም ይቀንሳል። ሁሉም ይህንኑ ሲያደርጉ የተበተኑት እንቁራሪቶች በጥቂት ቦታዎች ተከምረው ይገኛሉ። እባቡ የሚበላቸው እንቁራሪቶች ቁጥር አልቀነሰም፤ በመሰብሰባቸው በአጠቃላይ ከሞት የተረፈ የለም፤ ሆኖም መንጋ ተፈጥሯል። እያንዳንዷ የራሷን አደጋ ወደ ጎረቤቷ ከማዞር በቀር ያደረገችው ነገር የለም። ለእኔ ስለ መንጋ ከተጻፉት ሁሉ ይህን ያህል ዓይን የሚከፍት ሐሳብ የለም፤ መንጋ እንዲፈጠር መንጋው መጠቀም እንደማያስፈልገው ያሳያልና።

ይህን በሜዳ ላይ መፈተን ይቻላል። በ2012 የታተመ ጥናት በበጎች ጀርባ ላይ የጂፒኤስ መሣሪያ አስሮ እረኛ ውሻ ሲቀርባቸው እንቅስቃሴያቸውን መዝግቧል፤ በጎቹ ከውሻው በቀጥታ ከመሸሽ ይልቅ ወደ መንጋቸው መካከል የመግባት ጠንካራ ዝንባሌ አሳይተዋል። እርስዎም መሣሪያ ባይኖርዎ ሁለት ነገሮችን መመዝገብ ይችላሉ። አንደኛ፣ ድንጋጤ ሲመጣ በዳር ያሉት ወዴት እንደሚንቀሳቀሱ ነው፤ ወደ መካከል ከተጋፉ ነገሩ ሃሚልተን እንዳለው ነው። ሁለተኛ፣ አዳኝ ሲይዝ ያዩ እንደሆነ የተያዘው ከየት እንደተያዘ ነው፤ ከዳር፣ ከፊት፣ ከኋላ ወይስ ከመካከል። በመንጋ ውስጥ ያለው ቦታ ሁሉ እኩል ስላልሆነ «መንጋው ይከላከላል» የሚለው አማካይ አነጋገር የዳሩን እንስሳ ዕጣ ይሸፍናል።

ከአዳኝ የማምለጫ መንገዶችን አንድ በአንድ መለየት

መንጋ ከአዳኝ ያድናል የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል። እነርሱን የምንለየው እያንዳንዳቸው የሚተነብዩት ነገር ስለሚለያይ ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር ብቻውን የሚሰጠው ጥቅም ነው። አዳኙ በአንድ ጥቃት የሚወስደው አንድ ከሆነ፣ ከመቶዎቹ መካከል ያለው እንስሳ ከአሥሩ መካከል ካለው ይልቅ ዕጣው የመውጣት ዕድሉ ያነሰ ነው። በ1981 የታተመ ጥናት ይህን በባሕር ውኃ ገጽ ላይ በሚንሸራተቱ ነፍሳት አሳይቷል። ዓሦች ከታች ስለሚመጡባቸው ነፍሳቱ ቀድመው ሊያዩአቸው አይችሉም፤ ስለዚህ ንቃት ምንም አይረዳቸውም። ቡድኑ ትንሽም ሆነ ትልቅ የሚደርስበት የጥቃት ብዛት ተቀራራቢ ነበር፤ በዚህም የእያንዳንዱ ነፍሳ አደጋ ቡድኑ በጨመረ ልክ እየቀነሰ ሄደ። ጥናቱ የሚደነቀው አጥኚዎቹ ሌሎቹ ጥቅሞች ሊሠሩ የማይችሉበትን ሁኔታ መርጠው ስለተመለከቱ ነው። የእርስዎም ፍለጋ እንዲህ ያለ አጋጣሚን ቢያገኝ ብዙ ድካም ይቀንሳል። መጠንቀቅ የሚገባው ግን ትልቅ መንጋ ከሩቅ ስለሚታይ ብዙ አዳኝ ሊጠራ መቻሉ ነው፤ መንጋው አሥር እጥፍ ሲያድግ ጥቃቱም አሥር እጥፍ ካደገ ከቁጥር የሚገኘው ጥቅም ባዶ ነው።

ሁለተኛው የብዙ ዓይን ጥቅም ነው። በ1978 የታተመ ጥናት ሰልጥኖ የተለቀቀ ጭልፊት በዱር እርግቦች ላይ የሚያደርገውን ጥቃት ተከታትሏል። እርግቧ ብቻዋን ስትሆን ጭልፊቱ ከአሥር ሙከራዎች ስምንት ያህሉ ይሳካለት ነበር፤ ከ50 በላይ በሆነ መንጋ ላይ ግን ከአሥር አንዱ እንኳ አይሳካለትም ነበር። ዋናው ምክንያት ትልቁ መንጋ ጭልፊቱን ከሩቅ አይቶ ቀድሞ መነሣቱ ነው። ይህን በራስዎ ለመመልከት አንድ የሚበላ እንስሳ መርጠው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንት ጊዜ ራሱን ቀና እንደሚያደርግ ይቁጠሩ፤ ከዚያም በትንሽና በትልቅ መንጋ ውስጥ ያሉትን ያነጻጽሩ። አብዛኛውን ጊዜ በትልቅ መንጋ ውስጥ ያለው ቀና የሚልበት ጊዜ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ ግን መቸኮል አይገባም፤ ያነሰ ቀና የሚለው ጎረቤቶቹ እየጠበቁለት ስለሆነ ነው፣ ወይስ ጎረቤቶቹ ምግቡን እንዳይቀድሙት እየተጣደፈ? ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ። ምግብ በተትረፈረፈበትና ባነሰበት ቦታ የተወሰዱ ቆጠራዎችን ማነጻጸር ይህን ጥርጣሬ ለመፍታት ይረዳል።

ሦስተኛው አዳኙን ማደናገር ነው። የሚያሳድደው አንዱን ለይቶ መከተል ካልቻለ ይስታል። የዚህ ሐሳብ ምርጥ ማስረጃ የተለየ መልክ ያለው እንስሳ ዕጣ ነው። በ1986 የታተመ ሙከራ ላይ ብርማ ዓሦች ተሰብስበው ሲዋኙ ባስ የተባለው አዳኝ ዓሣ እነርሱን ለመያዝ ይቸገር ነበር፤ አንድ ወይም ሁለት በሰማያዊ ቀለም የተነከሩ ሲቀላቀሉባቸው ግን ማደናገሩ ተበላሸ። ስለዚህ በመንጋ ውስጥ በመጠን፣ በቀለም ወይም በአካሄድ የተለዩትን መከታተል ይገባል፤ ማደናገር እውነተኛው ጥቅም ከሆነ እንስሳት መሰሎቻቸውን መርጠው እንደሚጠጉ እንጠብቃለንና። ብዙ ዓሦችም በመጠን እየተለዩ ይዋኛሉ።

እስካሁን ያልነው መሰብሰብን ያስረዳል። አብሮ መንቀሳቀስ ለብቻው ይጠቅማል ወይ ለሚለው በ2012 የታተመ ሙከራ በጣም ብልህ መልስ ሰጥቷል። አጥኚዎቹ ብሉጊል የተባለ አዳኝ ዓሣ ባለበት ገንዳ ላይ ትናንሽ ነጠብጣቦችን በብርሃን እያሳዩ፣ እያንዳንዱ ነጠብጣብ የሚንቀሳቀስበትን ሕግ በኮምፒውተር ለያይተው ሰጡ፤ አንዳንዱ ብቻውን ይሄዳል፣ አንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ይሳባል፣ አንዳንዱ የጎረቤቱን አቅጣጫም ይይዛል። ዓሣው እውነተኛ ታዳኝ መስሎት ያጠቃ ነበር፤ ከጥቃቱ ይበልጥ የተረፉት የሚሰበሰቡትና አቅጣጫቸውንም የሚያስተካክሉት ሆኑ። ነጠብጣቦቹ አይራቡም፣ አይበርዳቸውም፣ አዳኙን አያዩም፤ ስለዚህ የአዳኙ ጥቃት ብቻውን የተቀናጀ እንቅስቃሴን ሊያስመርጥ እንደሚችል ታየ።

አዳኝ የሌለበት ምክንያት

ጉልበት መቆጠብ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን በጅምላ መወሰድ የለበትም። ተከታትለው የሚበሩ ፔሊካኖች የልብ ምት ብቻቸውን ከሚበሩት ከ11 እስከ 14 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ መገኘቱ በ2001 ታትሟል። እርግቦች ግን ተጠጋግተው ሲበሩ ክንፋቸውን ይበልጥ እንደሚያማቱ፣ ማለትም መንጋው ጉልበት እንደሚያስወጣቸው፣ በ2011 ተገኝቷል። ሁለቱም ወፎች ናቸው፣ ሁለቱም በቡድን ይበራሉ፤ የበረራው ቅርጽ ግን ይለያያል። ፔሊካኑ በተዘረጋ ሰልፍ ከፊቱ ያለው ወፍ የሚፈጥረውን የአየር ሽቅብታ ሲጠቀም፣ በተጠጋጋ ክምር ውስጥ ያለችው እርግብ ግን በተበጠበጠ አየር ውስጥ ላለመጋጨት ትታገላለች። ስለዚህ የመንጋውን ቅርጽ መሣል ከሚመስለው በላይ ዋጋ አለው፤ እርግብ ይህን ያህል ከፍላ በመንጋ የምትበር ከሆነ ደግሞ ጥቅሙን ከጉልበት ውጭ መፈለግ ግዴታ ነው።

መረጃ ሌላው ጥቅም ነው። በ2013 የታተመ ሙከራ ላይ ጥላ የሚወዱ ትናንሽ ዓሦች ብርሃን ባለበት ይፈጥናሉ፣ በጥላ ውስጥ ይዘገያሉ። ብቻውን ያለ ዓሣ ጥላው በየት በኩል እንዳለ ለማወቅ እጅግ ይቸገራል፤ በመንጋ ሲሆኑ ግን በብርሃን ያሉት ሲፈጥኑ በጥላ ያሉት ስለሚዘገዩ መላው መንጋ ወደ ጥላው ይታጠፋል። በኬንያ በጂፒኤስ የተከታተሏቸው ዝንጀሮዎችም፣ በ2015 እንደታተመው፣ ወዴት እንሂድ የሚለውን የሚወስኑት የበላዩን ወንድ ተከትለው አይደለም። ሁለት ቡድኖች ወደ ተቀራራቢ አቅጣጫ ሲጀምሩ ተከታዮቹ መካከለኛውን መንገድ ይይዛሉ፤ አቅጣጫዎቹ በጣም ሲራራቁ ደግሞ ብዙዎች የያዙትን ይመርጣሉ። የበላዩ ይመራል ብሎ የሚጀምር ተመልካች ይህን አያይም፤ ስለዚህ ማን ቀድሞ እንደተነሣ ብቻ ሳይሆን ማን እንደተከተለው መመዝገብ ያስፈልጋል።

የኢምፐረር ፔንግዊን ጉዳይ አጭር ነው። ወንዶቹ በአንታርክቲክ ክረምት ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ በየ30 እና 60 ሴኮንዱ መካከል ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚሆን እርምጃ ማዕበል መስሎ በመንጋው ውስጥ ያልፋል። ምክንያቱ ሙቀት መሆኑ አያከራክርም።

አንድ ሙሉ ምሳሌ፦ የሞርሞን ፌንጣና የበረሃ አንበጣ

ከላይ ያሉትን እርምጃዎች አንድ ላይ ለማየት ከእነዚህ ሁለት ነፍሳት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የሞርሞን ፌንጣ በምዕራባዊ ሰሜን አሜሪካ መብረር ሳይችል በሚሊዮን እየሆነ በምድር ላይ የሚሰልፍ ነፍሳ ነው። አጥኚዎች ከሰልፉ ላይ ጥቂቶቹን ወስደው የሬዲዮ መከታተያ አስረው፣ ከፊሎቹን ወደ ሰልፉ መለሱ፣ ከፊሎቹን ብቻቸውን ለቀቁ። በ2005 በታተመው ውጤት መሠረት ብቻቸውን ከተለቀቁት ከ50 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት በሁለት ቀን ውስጥ በአዳኝ ተበሉ፤ በሰልፉ ውስጥ ከነበሩት አንድም አልተበላም። «የተነጠለው ምን ያጣል?» ለሚለው ጥያቄ ይህን ያህል ቀጥተኛ መልስ በሌላ እንስሳ ላይ ማግኘት ይከብዳል።

አዳኝ መኖሩ መሰብሰባቸውን ያስረዳል። ለምን ይራመዳሉ የሚለው ግን አልተመለሰም፤ ተሰብስበው መቀመጥም ያው ጥበቃ ይሰጣቸው ነበርና። በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት በሰልፉ መንገድ ላይ የተለያየ ምግብ አስቀምጦ ፌንጣዎቹ ፕሮቲንና ጨው የተራቡ መሆናቸውን አገኘ። በዚያ አካባቢ በብዛት የሚገኝ ፕሮቲንና ጨው የያዘ ነገር ደግሞ ጎረቤት ፌንጣ ነው። የቆመ ከኋላው በሚመጣው ይበላል፤ የሚራመደው ከኋላው ያመልጣል፣ ከፊቱ ያለውንም ሊደርስበት ይችላል። በበረሃ አንበጣ ግልገሎች ላይ በ2008 የታተመው ሙከራ ይህን አጠናከረ፤ ከሆዳቸው ስሜትን የሚያደርሰው ነርቭ የተቆረጠባቸው፣ ከኋላ የሚመጣውን ስለማያውቁ፣ ያነሰ ተራመዱ፣ ይበልጥም ተበሉ።

እንግዲህ ከውጭ ያለው አዳኝ ይሰበስባቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው ረሃብ ያስኬዳቸዋል። ከሩቅ ሲያዩት ተስማምቶ የሚዘምት ሠራዊት የሚመስለው ሰልፍ፣ እያንዳንዱ ከኋላው ያለውን እየሸሸ ከፊቱ ያለውን የሚከተልበት ነው። አቅጣጫውስ? በ2006 በወጣ የላቦራቶሪ ሥራ የአንበጣ ግልገሎች በክብ ሜዳ ላይ ጥቂት ሲሆኑ በየአቅጣጫው ይባክኑ ነበር፤ ጥግግታቸው አንድ ደረጃ ሲያልፍ ግን በድንገት ሁሉም ወደ አንድ ወገን መዞር ጀመሩ። ይህ የአሠራር ጥያቄ ነው፤ በሌላው ገጽ ላይ ይጻፍ።

ኪሳራውን መቁጠር

ጥቅምን ብቻ የዘረዘረ ምርመራ ብቻቸውን የሚኖሩ እንስሳት ለምን እንዳሉ ማስረዳት አይችልም። በመንጋ ያለ እንስሳ ሣሩን ከሌላ ጋር ይሻማል፣ ተባይና በሽታ በቀላሉ ይተላለፍበታል፣ ምግብ ቶሎ ስለሚያልቅ ረጅም መንገድ መሄድ ይኖርበታል። ስለዚህ የዕለት ጉዞ ርዝመትን፣ በምግብ ላይ የሚነሣ ጠብን፣ ከሲታ ሆነው የሚታዩትን ቁጥር ከመንጋው መጠን ጋር አዛምዶ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ደግሞ አለ። የምናየው የመንጋ መጠን ለአባላቱ የሚበጀው መጠን ነው ብሎ ማሰብ አይቻልም። አንድ መንጋ ለእያንዳንዱ አባል ከሁሉ የተሻለ የሚሆነው በሃያ ላይ ነው እንበል። ብቻውን ያለው ሃያ አንደኛ እንስሳ ግን መንጋው ለሃያዎቹ ምን እንደሚሻል አይመዝንም፤ ለእርሱ ከብቸኝነት የሚሻል እስከሆነ ድረስ ይቀላቀላል። ከእርሱ በኋላ ያለውም እንዲሁ። መንጋው ከሚበጀው መጠን አልፎ መቀላቀልና ብቻ መቅረት እኩል እስኪሆኑ ድረስ ያድጋል፤ አባላቱ ማባረር ካልቻሉ በስተቀር። እዚህም ላይ መልሱን የሚሰጠው የመንጋው ጥቅም ሳይሆን የአንዱ ስሌት ነው።

ጠባዩ በእርግጥ በዝግመተ ለውጥ የመጣ መሆኑን ማረጋገጥ

አንድ ጠባይ ዛሬ ስለጠቀመ ብቻ በተፈጥሯዊ ምርጫ መጣ አይባልም። እንስሳው በሕይወቱ ተምሮት ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት የተለያየ ኑሮ ያላቸውን የአንድ ዝርያ ሕዝቦች ማነጻጸር ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። በትሪኒዳድ ወንዞች ውስጥ የሚኖረው ጋፒ የተባለ ትንሽ ዓሣ ለዚህ የታወቀ ነው። ፏፏቴዎች ትላልቅ አዳኝ ዓሦች ወደ ላይ እንዳያልፉ ስለሚያግዱ፣ በአንድ ወንዝ ታችኛው ክፍል ያሉት ጋፒዎች በአዳኝ መካከል፣ ላይኛው ክፍል ያሉት ደግሞ በአንጻራዊ ሰላም ይኖራሉ። የታችኞቹ ተጠጋግተው ይዋኛሉ፤ የላይኞቹ ይበታተናሉ። በ1974 የታተመው ሥራ ወሳኝ የሆነው አዳኝ ፈጽሞ ሳያዩ በላቦራቶሪ የተወለዱት ልጆችም የወላጆቻቸውን ልዩነት ይዘው መገኘታቸውን ስላሳየ ነው። በ2020 ደግሞ በአቅጣጫ መያያዝ የበለጡ ሴት ጋፒዎችን እየመረጡ ያራቡ አጥኚዎች በሦስት ትውልድ ውስጥ ይበልጥ የተቀናጁ ዓሦችን አግኝተዋል።

ጠባዩ ሲጠፋም ማስረጃ ይሰጣል። የሜክሲኮ ቴትራ የተባለው ዓሣ በወንዝ ሲኖር በመንጋ ይዋኛል፤ በጨለማ ዋሻ ውስጥ ገብተው ዓይናቸውን ያጡ ዘመዶቹ ግን ይህን ትተዋል። በዋሻው ትልቅ አዳኝ የለም፣ ምግቡም ጥቂት ነው፤ ተጠጋግቶ መዋኘት እዚያ ኪሳራ ብቻ ነው። ዓይን በማጣት ብቻ የመጣ እንዳይመስል ደግሞ ለውጡ ከፊሉ ከማየት ጋር ግንኙነት የሌለው መሆኑ በ2013 ታይቷል። በዚያው ዓመት ስቲክልባክ በተባለ ዓሣ ላይ የወጣ ሥራ ወደ መንጋ የመጠጋት ፍላጎትና በመንጋ ውስጥ ሰውነትን የማስተካከል ችሎታ በተለያዩ የዘረመል ክፍሎች እንደሚመሩ አገኘ። ይህ ለተመልካች ተግባራዊ ትርጉም አለው፤ መጠጋትንና አቅጣጫ መያዝን እንደ አንድ ጠባይ ሳይሆን ለየብቻ መለካት ይገባዋል።

መደምደሚያውን መጻፍ

መደምደሚያ ሲጻፍ ስለ ዝርያው በጠቅላላው ሳይሆን ስለ ታየው ሁኔታ መናገር ይሻላል፤ ብዙ ዓሦች ቀን ተያይዘው ሌሊት ይበተናሉ፣ የበረሃ አንበጣም ጥግግቱ ሲቀንስ ብቸኛ ይሆናል። ተገቢው ዓረፍተ ነገር ይህን የመሰለ ነው፦ «በዚህ ቦታና በዚህ ወቅት ከመንጋው የተነጠሉት አብረው ከቀሩት ይልቅ ይህን ያህል ጊዜ ተጠቅተዋል፤ በሌላ በኩል ይህን ያህል የተሻለ ምግብ አግኝተዋል፤ ጥቃቱ ከብዛት እንጂ ከንቃት ጋር አልተዛመደም።» ከሥሩም መደምደሚያውን የሚያፈርስ ምልከታ ምን ሊሆን እንደሚችል ይጻፍ፤ ለምሳሌ አዳኝ በሌለበት ተመሳሳይ ስፍራ መንጋው እኩል ተጠጋግቶ ቢገኝ የአዳኝ ማብራሪያው መከለስ አለበት። የተነጠለ እንስሳ አንድም ጊዜ ካልታየ ደግሞ ስለ ጥቅሙ የሚጻፍ ነገር ገና የለም፤ የሚቀጥለው ምልከታ ዳር ዳሩን በሚሄዱትና ወደ ኋላ በሚቀሩት ላይ ይሁን።